አምባሰልን ከፖፕ ጋር ስታዋህዱ ማሲንቆው እንዳይጠፋ

ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ላፕቶፕና ማይክ ይዛችሁ የወሎን ዜማ በዘመናዊ ቢት ልትሠሩ ከሆነ ከቢቱ አትጀምሩ። ከማሲንቆው ጀምሩ።

የአሜሪካ ካንትሪ ሙዚቃ ሰዎች በዚህ መንገድ ቀድመውን ሄደዋል። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጨረሻ ናሽቪል ላይ እነ ፕሮዲዩሰር ቼት አትኪንስ ፊድሉን (ቫዮሊኑን) እና ስቲል ጊታሩን ቀንሰው በኦርኬስትራና በአጃቢ ድምፃውያን ተኩት፤ ገበያውም ሰፋ። ሻናያ ትዌይን በ1997 ያወጣችው «ካም ኦን ኦቨር» ደግሞ ለውጭ ገበያ እንደገና ሲቀናበር እነዚያው መሣሪያዎች ወደ ኋላ ተገፉ። ሁለቱን ቅጂ አከታትላችሁ ስሙ። ዘፈኑ ያው ነው፣ ድምፅዋም ያው ነው፣ የአገሩ ሽታ ግን ሳስቷል።

ቀጥሎ ቅኝቱን፣ ማለትም ዜማው የሚሠራባቸውን አምስት ኖታዎች፣ ለዩ። ትዝታ ሜጀር ለጀማሪ ይቀላል፤ ከሲ ብትነሱ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፣ ካንትሪም አብዝቶ የሚዘፍንባቸው አምስት ኖታዎች ስለሆኑ ኮርዱ (አብረው የሚመቱት ኖታዎች) እምቢ አይላችሁም። ጣጣው አምባሰል ላይ ነው። ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፤ ኢ የሚባል የለበትም። ኪቦርዲስቱ በለመደ እጁ ሲ ሜጀር ሲጫን ግን ኢ ሰተት ብላ ትገባለች፣ አምባሰሉም እዚያው ያልቃል። ኤፍ ማይነርና ዲ ፍላት ሜጀርን ተጠቀሙ፣ ኖታዎቻቸው ሁሉ ከቅኝቱ ናቸው። ሲ ላይ ስታርፉ ሲንና ጂን ብቻ ያዙ። ጆሯችሁ ካልለመደ ማሪቱ ለገሰን ደጋግማችሁ ስሙ፤ ለእኔ አምባሰልን ከእሷ በላይ የሚያስተምር የለም።

ቀረጻው ላይ የኪቦርዱን ድምፅ በማሲንቆው ልክ ቃኙት። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ነው፣ የሚቃኘውም በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው፤ ተጫዋቹን ከማሽን ጋር አታታግሉት። እኔ አንድ ጊዜ ለአንድ ትልቅ ሰው ምት የሚቆጥረውን የሜትሮኖም ድምፅ በጆሯቸው ሰጠሁ። ሦስት ጊዜ ሞክረው ማዳመጫውን አወለቁና «ልጄ፣ ይቺ ነገር እየቆጠረች አላጫውት አለችኝ» አሉኝ። ከበሮ በስድስት ስምንተኛ ቀርጬ ሳሰማቸው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ከዚያ ወዲህ ሁሌም ከበሮ ነው የምሰጠው። የፖፑን ስሜት ከፈለጋችሁ ከስድስቱ ቆጠራ ኪኩን (የትልቁን ከበሮ ምት) 1 ላይ፣ ጭብጨባውን 4 ላይ አድርጉ።

የዘፋኝን ድምፅ ወደ ኖታው የሚያስተካክለው አውቶ-ቲዩን የቅኝቱን አምስት ኖታ ብቻ እንዲያውቅ አድርጉት፣ የሚያስተካክልበትንም ፍጥነት ቀንሱ። የዘፋኟ መንሸራተት ስህተት አይደለም፣ ቅላጼ ነው።

ሚክስ ስታደርጉ ማሲንቆው ካልተሰማ ድምፁን አትጨምሩ፣ በመካከለኛው የድምፅ ክልል የተኛበትን ሲንቴሳይዘር ቀንሱ። በመጨረሻ ቢቱንና ባሱን ዘግታችሁ ዘፋኟንና ማሲንቆውን ብቻ በስልክ ስፒከር አዳምጡ። አምባሰል ካልሆነ ወደ ኮርዱ ተመለሱ።