ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰኔ ሲቃረብ ባሕር ዳር ፔዳና ፖሊ ግቢ ዙሪያ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች በመመረቂያ ጽሑፍ ይጨናነቃሉ። ማሽኑ 4 ጊጋባይት ራም (ክፍት ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማኅደር) እና አሮጌ ሃርድ ዲስክ ያለው ከሆነ፣ ደንበኛው ፍላሹን ሰክቶ እንደቆመ ወርድ «ኖት ሪስፖንዲንግ» ብሎ ቀጥ ይላል።

በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ስህተት ማብሪያውን ተጭኖ ማጥፋት ነው። ፕሮግራሙ እኮ አልሞተ ይሆናል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር ይክፈቱ። በወርድ መስመር ላይ የሲፒዩ (ስሌቱን የሚሠራው ዋና ክፍል) ወይም የዲስክ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ካለ እየሠራ ነውና ሁለት ሦስት ደቂቃ ይታገሡት። ካልተነሣ «ኢንድ ታስክ» ይበሉት፤ የሚዘጋው እሱ ብቻ ነው። ቅንብሩ ካልተቀየረ በቀር ወርድ በራሱ መልሶ ማግኛ የሚያስቀምጠው በየ10 ደቂቃው ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የተጻፈው ሊጠፋ ይችላል።

ሁለተኛው ሲፒዩን ብቻ ማየት ነው። ሲፒዩ 15 በመቶ ላይ ሆኖ ማሽኑ ከቆመ ዲስኩን ይጠርጥሩ። የዲስኩ ሥራ 100 በመቶ የሚደርሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ራም ስላነሰ ነው፤ ዊንዶውስ ትርፉን ወደ ዲስክ ያወርዳል፣ ሲፈለግ መልሶ ያነሣል፣ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ይህን ምልልስ አይችለውም። ስለዚህ «ሜሞሪ» የሚለውን ርዕስ ተጭነው ትልቁን ከላይ ያምጡት። ክሮም ከሆነ፣ ለታብና ለኤክስቴንሽን (ክሮም ላይ ለሚጨመር መገልገያ) ለየብቻ ፕሮሰስ፣ ማለትም ራሱን ችሎ የሚሠራ የፕሮግራም ክፍል፣ ስለሚከፍት አጥፊውን ለይቶ መዝጋት ይቻላል፦ ክሮም ውስጥ ሆነው ሺፍትና ኢስኬፕን ይጫኑ፣ የራሱ ታስክ ማናጀር ይወጣል። የደንበኛው ኢሜይል ሳይነካ ዩቲዩቡ ብቻ ይዘጋል። «ራም ያጸዳል» የሚባል ፕሮግራም ግን አይጫኑ፤ ራም ላይ ያለውን ወደ ዲስክ እየገፋ ጭራሽ ያብሰዋል።

ስሙን የማያውቁትን ፕሮሰስ መግደልም የተለመደ ነው። «ሲስተም አይድል ፕሮሰስ» 95 በመቶ ቢያሳይ ሲፒዩው ሥራ ፈቷል ማለት ነው፤ ይተዉት። «ሰርቪስ ሆስት» ሲበዛ በቀስቱ ከፍተው ውስጡን ይዩ። ዊንዶውስ አፕዴት ከሆነ ከሥሩ አያጥፉት፤ ሴቲንግስ ውስጥ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» ገብተው የሚወስደውን ኢንተርኔት ይገድቡ፣ በሥራ መሃል ማሽኑን እንዳያስነሣም «አክቲቭ አወርስ»ን ይሙሉ። «አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክስኪዩተብል» የዊንዶውስ ዲፌንደር ነው። ያገኘው ሰው ሁሉ ፍላሽ በሚሰካበት ቤት እሱን ማጥፋት ሾርትከት ቫይረስን በር ከፍቶ ማስገባት ነው። ከባድ ከሆነ ቅኝቱን በታስክ ስኬጁለር ደንበኛ ወደሌለበት ሰዓት ያዛውሩት።

በጥር የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ቤቶች ደግሞ የፕሮግራሙን ፕራዮሪቲ (ሲፒዩ ላይ ያለውን የቅድሚያ ተራ) «ሪልታይም» ማድረግ ይወዳሉ። ከዚያ ማውሱም ኪቦርዱም ተራ ያጣል። ይልቅ ኤክስፖርት የሚያደርገውን ፕሮግራም «ቢሎው ኖርማል» ያድርጉት። ይህ ግን ገደብ አይደለም፤ ሌላ ተሻሚ ከሌለ ሲፒዩውን ሙሉ ይወስደዋል። ጣሪያ ከፈለጉ በ«ዲቴይልስ» ገጽ ፕሮሰሱን በቀኝ ተጭነው «ሴት አፊኒቲ» ይበሉና ሲፒዩው 4 ኮር (ለየብቻ የሚሠሩ ክፍሎች) ካሉት 2ቱን ብቻ ይተዉለት። ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሲከፈት ቅንብሩ ይጠፋል።

ሊኑክስ ላይ ፕሮሰሶችን የሚዘረዝረው «ቶፕ» የተባለው ትእዛዝ የሚያሳየው 100 በመቶ የአንድ ኮር ነው፤ በ4 ኮር ማሽን 400 ቢደርስ አይደንግጡ። በ«ኪል» ትእዛዝ ሲዘጉም ፕሮግራሙን እንዲዘጋ በሚጠይቀው በሲግናል 15 ይጀምሩ። ሲግናል 9 ለፕሮግራሙ ፋይሉን ለማስቀመጥ ፋታ አይሰጠውም።

የመጨረሻው ስህተት ሙቀትን ረስቶ ፕሮሰስ ማሳደድ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሕር ዳር ይሞቃል፣ አቧራውም አለ፤ ሲፒዩው ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በ«ፐርፎርማንስ» ገጽ ሲፒዩው ሥራ በዝቶበት እያለ «ስፒድ» ከ«ቤዝ ስፒድ» በታች ከወረደ ፋኑን ይመልከቱ። ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በቀጭን እንጨት ይዘው አቧራውን ይንፉ።