ከተማ መሐል ሲቆፈር አፈሩን እንዴት እናንብብ?

ከተማ ውስጥ ለሕንፃ መሠረት ሲቆፈር የጉድጓዱን ግድግዳ ልብ ብላችሁ እዩት። ሰው አንድ ቦታ ላይ ለዘመናት ሲኖር ቤት ይፈርሳል፣ ፍርስራሹ ይደለደላል፣ በላዩ ሌላ ይሠራል፣ መሬቱም ከፍ እያለ ይሄዳል። የሩሲያዋ ኖቭጎሮድ ውስጥ አንድ የመካከለኛው ዘመን መንገድ እንጨት በእንጨት ላይ እየተነጠፈበት 28 ንብርብር ደርሷል!

ይህን ንብርብር ማንበብ የአርኪዮሎጂ ሥራ ነው፤ የሚሠራውም ፈቃድ ካለው ቡድን ጋር ነው፤ ብቻችሁን እንዳትገቡ፣ ግድግዳው ይናዳል። መጀመሪያ ግድግዳውን በግንበኛ ማንኪያ ፋቅ ፋቅ አድርጉ። አፈሩ ከደረቀ ትንሽ ውኃ እርጩበት፣ ቀለሙ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ቀይ የተቃጠለ ጭቃና ከሰል እሳት ነበር ማለት ነው። ኖራና የድንጋይ ፍንካች ካያችሁ ደግሞ ወይ ተገንብቷል ወይ ፈርሷል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ጥልቅ የሆነ ሁሉ አሮጌ አይደለም። የኋላ ዘመን ሰው ቆሻሻ ሊቀብር ሲቆፍር የድሮውን ንብርብር በስቶ ይወርዳል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ «የቱ የቱን ቆረጠው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የቆረጠው ነው የኋላው። ለእያንዳንዱ ንብርብርና ጉድጓድ ቁጥር ስጡና ቅደም ተከተሉን በሥዕል አስቀምጡ። አርኪዮሎጂስቱ ኤድዋርድ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው ዘዴ ይኸው ነው። ዕድሜውን የሚወስነው ደግሞ ውስጡ ካለው ዕቃ ሁሉ የቅርቡ ነው። አውሮፓ ውስጥ አንድ የሸክላ ትምባሆ ፒፓ ስባሪ ከተገኘ፣ አብሮት የመካከለኛው ዘመን ገል ቢሞላም፣ ንብርብሩ ትምባሆ ወደ አውሮፓ ከገባ በኋላ የተፈጠረ ነው።

የድሮ መጸዳጃ ጉድጓድ ካገኛችሁ እንዳትንቁት። እርጥብና አየር የማያገኘው አፈር ቆዳ፣ እንጨትና ዘር ሳይበሰብስ ያቆያል። እ.ኤ.አ. በ1972 እንግሊዝ፣ ዮርክ ውስጥ ባንክ ሊሠራበት በነበረ ቦታ የተገኘው የቫይኪንግ ዘመን የሰው ዓይነ ምድር ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ውስጡ የአንጀት ትላትል እንቁላል ነበረበት። አፈሩን በውኃ በወንፊት እጠቡት፤ የዓሣ አጥንትና የፍራፍሬ ዘር ይቀራል። ትንሽ ሳይታጠብ ለማይክሮስኮፕ አስቀሩ። እርጥብ እንጨትና ቆዳ ደግሞ ፀሐይ ላይ አታስጡ፣ ይሰነጠቃል፤ በእርጥቡ ላስቲክ ውስጥ አሽጉት።

አንድ የሚያበሳጨኝ ነገር አለ። ወደ መካከለኛው ዘመን ቶሎ ለመድረስ የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን ንብርብር በማሽን ተጠርጎ ይጣላል። የሠራተኛ ቤት ወለል፣ የልጅ መጫወቻ፣ የተሰበረ ሳህን አብሮ ይሄዳል። እባካችሁ እሱንም በእጅ ቆፍሩት፣ ቁጥር ስጡት፣ ፎቶ አንሡት።