የፓይሮፕቶሲስ ገቺ ውህዶችን በቲኤችፒ-1 ሕዋሳት ላይ መፈተሽ

ፓይሮፕቶሲስ በመርሐ ግብር የሚካሄድ የሕዋስ ሞት ሲሆን፣ እንደ አፖፕቶሲስ በጸጥታ የሚያልቅ ሳይሆን የሕዋሱ ሽፋን ተበስቶ ይዘቱ ሲፈስ ብግነትን የሚቀሰቅስ ነው። ሽፋኑን የሚበሳው ካስፔዝ-1 በተባለ ኢንዛይም የተቆረጠው ጋዝደርሚን ዲ የተባለው ፕሮቲን ነው።

በቅድሚያ የቲኤችፒ-1 ሕዋሳትን (በላብራቶሪ የሚራቡ የሰው የደም ካንሰር ሕዋሳት) ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ላይ ዘርተው ፒኤምኤ በተባለ ኬሚካል ወደ ማክሮፋጅ (ባዕድ ነገር ዋጭ የመከላከያ ሕዋስ) መሰል ሕዋሳት ይለውጧቸው፤ ከዚያም ሕዋሳቱን ለብግነት የሚያዘጋጀውን ኤልፒኤስ (የባክቴሪያ ሽፋን ክፍል) ጨምረው ከ3 እስከ 4 ሰዓት ያቆዩአቸው። የሚፈተሸው ውህድ የሚገባው ከዚህ በኋላ፣ ሞቱን የሚያስነሳው ኒጀሪሲን ከመጨመሩ 30 ደቂቃ ያህል አስቀድሞ ነው፤ ከኤልፒኤስ በፊት ከገባ ግን ያገደው ዝግጅቱን ይሁን ሞቱን ለመለየት ያስቸግራል። ኒጀሪሲን ፖታሲየምን ከሕዋሱ በማስወጣት ካስፔዝ-1ን የሚያስነሳውን ኤንኤልአርፒ3 የተባለ ፕሮቲን ያነቃል፤ በማይክሮስኮፕ ለሚመለከት ሰው ሕዋሳቱ እንደ ፊኛ ሲነፉ ይታያሉ።

ከ1 እስከ 2 ሰዓት በኋላ ከላይ ያለውን ፈሳሽ ቀድተው ኤልዲኤችን (ሽፋኑ ሲቀደድ የሚፈስ ኢንዛይም) እና ኢንተርሊውኪን-1 ቤታን (የብግነት መልእክተኛ ፕሮቲን) ይለኩ። በእኔ ግምት በኤልዲኤች ብቻ መፍረድ ትልቁ ስህተት ነው፤ ግላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ፣ ለምሳሌ፣ የሽፋኑን መቀደድ አግዶ ኤልዲኤችን ዝቅ ቢያደርግም ኢንተርሊውኪኑ መውጣቱን አያቆምም። የኤልዲኤችን ኢንዛይም ራሱን የሚገታ ውህድም ያታልላል፤ ስለዚህ ውህዱን ሆን ተብለው በተሰበሩ ሕዋሳት ፈሳሽ ላይም ይሞክሩት።

በየፕሌቱ ዲኤምኤስኦ (የውህዱ ማሟሚያ) ብቻ የገባባቸውና ኤምሲሲ950 (የታወቀ የኤንኤልአርፒ3 ገቺ) የተጨመረባቸው ጉድጓዶች ይኑሩ፤ ዜድ ፕራይም (የሁለቱ ዓይነት ጉድጓዶች ውጤት ምን ያህል በግልጽ እንደሚለያይ የሚያሳይ መለኪያ) ከ0.5 በታች ከወረደ ፕሌቱን ይድገሙት። ውጤት ያሳየው ውህድ የት ላይ እንደሚሠራ ለማወቅ የጋዝደርሚን ዲን መቆረጥ በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በመጠን ለይቶ በሚያሳይ ዘዴ) ይመልከቱ፤ ኤምሲሲ950 ገና ከኤንኤልአርፒ3 ላይ ስለሚያግድ መቆረጡን ያስቀራል።