ባለ 10 አሃዝ ቁጥር ብቸኛ ቁጥር መሆኑን እንዴት እንፈትሻለን?

ቁጥራችን 4,294,967,297 ነው። ከ1 ተነስታችሁ 32 ጊዜ እጥፍ እጥፍ አድርጉ፣ መጨረሻ ላይ 1 ጨምሩ፤ ይኸው መጣ። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ብቸኛ ቁጥር ነው ብሎ ያምን ነበር። ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። እስቲ እንሞክረው። ወረቀት፣ እስክሪብቶና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። የሱቋ ባለ 8 አሃዝ ካልኩሌተር ግን አትችለውም።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን እንጨርስ። መጨረሻው 7 ስለሆነ በ2ም በ5ም አይካፈልም። አሃዞቹን ስትደምሩ 59 ይመጣል። 59 በ3 ስለማይካፈል ቁጥሩም አይካፈልም።

ቀጥሎ፣ እስከ የት ነው የምንሞክረው? 65,536 በራሱ ሲባዛ ከቁጥራችን በ1 ብቻ ያንሳል። ስለዚህ ቁጥሩ የሚካፈል ከሆነ አንዱ አካፋይ ከ65,536 አይበልጥም። ችግሩ እስከዚያ 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች መኖራቸው ነው። በነዚህ ሁሉ ስናካፍል ሊመሽብን ነው!

መላውን ያመጣው ሌላው የሒሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር ነው። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ሁሉ በ64 ሲካፈል 1 ይተርፋል። (ይህ የሆነው ቁጥሩ 2ን 32 ጊዜ በራሱ አባዝቶ 1 በመጨመር ስለተሠራ ነው። ያገኛችሁት ቁጥር ላይ ሁሉ እንዳትሞክሩት።) እናም ከ65 ጀምራችሁ 64 እየደመራችሁ ጻፉ፦ 65፣ 129፣ 193፣ 257፣ 321፣ 385፣ 449፣ 513፣ 577፣ 641። ብቸኛ ያልሆኑትን ሰርዙ። የሚቀሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ናቸው።

አራቱ ቀሪ ይተዋሉ። በ641 ስታካፍሉ ግን ልክ 6,700,417 ይመጣል፣ ቀሪ የሚባል ነገር የለም። ኦይለር ይህን በ1732 እ.ኤ.አ. ሲያገኝ ፌርማ ከሞተ 67 ዓመት ሆኖት ነበር።

6,700,417ስ? ያው ደንብ ይሠራል፣ አሁን ግን እስከ 2,588 ብቻ። በ641 እንደገና፣ ከዚያ በ769፣ 1,153፣ 1,217፣ 1,409፣ 1,601 እና 2,113 ሞክሩ። ሁሉም ቀሪ ይተዋሉ። እሱ የእውነት ብቸኛ ነው።

እንግዲህ የቁጥራችን አካፋዮች አራት ናቸው፦ 1፣ 641፣ 6,700,417 እና ራሱ። ከራሱ በቀር ያሉት ሲደመሩ 6,701,059 ይሆናሉ። እንደ 6 (1+2+3) ድምሩ ራሱን ቢሰጥ ኖሮ ፍጹም ቁጥር እንለው ነበር። እዚህ ግን ወደዚያ እንኳ አልተጠጋም።

ማካፈል ለሰለቸው ሌላ መንገድ አለ፣ እኔ የበለጠ የምወደው። አንድ ብቸኛ ቁጥር በራሳቸው የተባዙ የሁለት ሙሉ ቁጥሮች ድምር ከሆነ፣ የሚሆነው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። የኛው ግን 65,536×65,536 + 1×1 ነው፣ 62,264×62,264 + 20,449×20,449ም ነው። ደምሩና እዩት።