የመስኮት መስታወት ሲወለወል መስመር የሚያስቀሩ ስህተቶች

ተወልውሎ ሲያበቃ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚታየው መስመር ብዙ ጊዜ የድሮ ቆሻሻ አይደለም፤ የማጽጃው ትርፍ ነው። ውሃው ተንኖ ይሄዳል፣ በውስጡ የነበረው ሳሙና፣ ጨውና ደቃቅ አቧራ ግን መስታወቱ ላይ ይደርቃል። ስለዚህ መስታወት ሲጸዳ መጀመሪያ ቆሻሻው በውሃ ይላቀቃል፣ ከዚያ ውሃው ሳይደርቅ ይወርዳል። ብዙ ቤት የሚበላሸው ሁለተኛው ላይ ነው።

አቧራውን ሳያራግፉ ውሃ ማስነካት

ፒያሳ፣ ካዛንቺስ ወይም አራት ኪሎ አካባቢ ግንባታና ፍርስራሽ አጠገብ የሚኖር ሰው መስኮቱ ላይ የሚያገኘው ተራ አቧራ አይደለም፤ ሲሚንቶና ደቃቅ አሸዋ አለበት። ውሃ ሲነካው ጭቃ ይሆናል፣ በጨርቅ ሲታሽ ደግሞ መስታወቱን ይጭራል። ጭረት በምንም ማጽጃ አይለቅም። መጀመሪያ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ የትንኝ ወንፊቱን፣ ቀጥሎ ፍሬሙን፣ በመጨረሻ መስታወቱን ከላይ ወደ ታች ያራግፉ። ተንሸራታች የአልሙኒየም መስኮት ከሆነ የታችኛውን ሐዲድ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጥረጉ። ሐዲዱ ላይ ውሃ ወደ ውጭ የሚያፈሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ በጭቃ ከተደፈኑ የቆሸሸው ውሃ እዚያው ይጠራቀምና መስኮቱ ሲከፈትና ሲዘጋ የመስታወቱን ግርጌ መልሶ ያቆሽሻል።

ሳሙና ማብዛት

ለ5 ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ላርጎ ይበቃል። አረፋ ሲበዛ የጸዳ ይመስላል እንጂ ለማውረድ የሚያስቸግረው እሱ ነው፤ ሲደርቅ ደመና የመሰለ ነገር ይተዋል። ኦሞና ሌላ የዱቄት ሳሙና ለመስታወት አይሆንም፣ ሳይሟሟ የሚቀረው ዱቄት ነጭ ሆኖ ይደርቃል። ሳሙናውን ጭራሽ መተውም ጥሩ አይደለም፤ ውሃውን የሚያወርደው የመስታወት መጥረጊያ ጎማ መስታወቱ ላይ እንዲንሸራተት ትንሽ ያስፈልገዋል።

ፀሐይ ላይ መወልወል

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ናት። በበጋ አየሩ ደረቅ፣ ፀሐዩ ብርቱ ስለሆነ የጋለ መስታወት ላይ ያረፈ ውሃ ጎማው ሳይደርስበት ይደርቃል። ምዕራብ የሚያየውን መስኮት ጠዋት፣ ምሥራቅ የሚያየውን ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ያጽዱ። ደቡብና ሰሜን ግን እንደ ወሩ ይለያያል፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የሚያልፈው፣ በቀሪው ጊዜ በደቡብ። ደመናማ ቀን ከተገኘ ከሁሉም ይሻላል።

የደፈረሰ ወይም ጨው የበዛበት ውሃ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መጀመሪያ የሚወርደው ብዙ ጊዜ የደፈረሰ ነው። ጥቂት ይልቀቁት ወይም በባልዲ አሳድረው የላዩን ብቻ ይቅዱ። ከሮቶ የሚቀዳም ከሆነ የታችኛው ዝቃጭ እንዳይመጣ ይጠንቀቁ። ባልዲ ሁለት ይሁን፣ አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ለመለቅለቂያ። በሁለት ሦስት መስኮት መካከል ውሃው ከጠቆረ ይደፋ፤ ውሃ ለመቆጠብ በዚያው መቀጠል ሥራውን በሌላ ውሃ እንደገና ለመሥራት መዘጋጀት ነው።

ለከተማዋ ውሃ የሚመጣው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ብቻ ሳይሆን እንደ አቃቂ ካሉ የከርሰ ምድር ጉድጓዶችም ነው። የጉድጓድ ውሃ ባብዛኛው ማዕድን ይበዛበታል፤ ሲደርቅ ነጫጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ይህን ሳሙና አያነሣውም። አቸቶና ውሃ እኩል ቀላቅለው፣ ጨርቅ ነክረው ነጠብጣቡ ላይ ለ10 ደቂቃ ይለጥፉት፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ። የመስኮቱ ደፍ እብነ በረድ ከሆነ ግን በፎጣ ይሸፍኑት፤ አቸቶ እብነ በረድን ይበላል፣ የወዛውን ገጽ ያደበዝዘዋል። አቸቶና በረኪና ፈጽሞ አይቀላቀሉ፤ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል።

ጎማውን አለአግባብ መጎተት

የመስታወት መጥረጊያ ጎማ ለመኖሪያ ቤት ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ይመቻል። መስታወቱ በሳሙና ውሃው ከታሸ በኋላ የላይኛውን ጠርዝ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል በደረቅ ጨርቅ ያድርቁ። ጎማው እርጥብ ላይ ካረፈ ከአናቱ ውሃ ተጨምቆ በጸዳው ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ ደረቁ ላይ አሳርፈው ሳያቋርጡ እስከ ታች ይጎትቱ። በእያንዳንዱ ጉተታ መጨረሻ የጎማውን ጠርዝ በጨርቅ ይጥረጉ፤ ይህን መዝለል ነው ብዙውን መስመር የሚያመጣው። ቀጣዩ ጉተታ አስቀድሞ የደረቀውን 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርብ። በመጨረሻ ዙሪያውን ብቻ በደረቅ ጨርቅ ይዳስሱ፣ መሐሉን አይንኩ።

የቀረውን ምልክት አስተውሎ ማየት ምክንያቱን ይነግራል። በየጉተታው እኩል ቦታ ላይ የሚደገም አንድ ቀጭን መስመር የጎማው ጠርዝ መቀደዱን ያሳያል። ጎማውን ገልብጠው በሌላው ጠርዝ ይጠቀሙ ወይም ይቀይሩት። ወደ ጎን የተደረደሩ ሰልፈኛ መስመሮች ከሆኑ ጎማው እየተንቀጠቀጠ ነው የወረደው፤ መስታወቱ ደርቋል ማለት ነው።

የማይሆን ጨርቅ

ማይክሮፋይበር ጥሩ ነው፣ ሲታጠብ ግን የልብስ ማለስለሻ አይግባበት። ማለስለሻው ጨርቁ ላይ ይቀርና ወደ መስታወቱ ይተላለፋል። ፎጣና አዲስ ቲሸርት ብናኝ ይተዋሉ። ብዙ ቤት የለመደው ጋዜጣ ውሃ ይመጥጣል፣ ቀለሙ ግን እጅንና ነጭ ፍሬምን ያጠቁራል፤ ጨርቅ ካለ ቢቀር ይሻላል።

ውስጡን እንደ ውጭው ማጽዳት

ቡና በሚቆላበት፣ ዕጣን በሚጨስበት፣ ሽንኩርት በሚቁላላበት ቤት የመስታወቱ የውስጥ ገጽ ላይ የሚቀመጠው አቧራ ሳይሆን ስስ ቅባት ነው። በውሃ ብቻ ሲታሽ ይላወሳል እንጂ አይወርድም። ከሳሙናው በኋላ አልኮልና ውሃ እኩል የተቀላቀለበት ጨርቅ ይጠቀሙ፤ ቅባቱንም ያነሣል፣ ቶሎም ይተናል። ከሰል ወይም ሲጋራ አጠገብ ግን አይሁን፤ መስኮቱም ክፍት ይሁን።

ውጭውን ወደ ጎን፣ ውስጡን ወደ ታች ማድረቅ ጥሩ ልማድ ነው፤ የቀረው መስመር በየትኛው በኩል እንደሆነ በአቅጣጫው ይታወቃል።

ምላጭ

የቀለም ጠብታ በምላጭ የሚፋቀው መስታወቱ በሳሙና ውሃ ረጥቦ፣ ምላጩ አዲስ ሆኖ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ስቲከር የተለጠፈበት ወይም ፀሐይ የሚመልስ ቅብ ያለው መስታወት ላይ ምላጭ አያስነኩ። የደረቀ ሲሚንቶም በኃይል አይፋቅ፤ በሥሩ ያለውን መስታወት ይጭራል።

ፎቅ ላይ ያለ መስኮት የውጭ ገጹ በእጅ ካልተደረሰ ረጅም እጀታ ይጠቀሙ። ደፉ ላይ ወጥቶ መቆም፣ ወንበር አጠገቡ ማድረግም ሆነ ተንሸራታቹን መስታወት ከሐዲዱ ነቅሎ ማውጣት አይገባም።