ዘይት ቀይረው ሲጨርሱ መኪናው ቢያስቸግር

ዘይቱን ግቢዎ ውስጥ ራስዎ ቀይረው ከዚያ ወዲህ የመኪናው ጠባይ ከተለወጠ፣ ሞተሩን ከመጠርጠርዎ በፊት እጅዎ የነካውን ይፈትሹ። የተነካው ታፖው (ከስር ዘይቱ የሚወርድበት ቡሎን)፣ ፊልትሮውና የዘይቱ መጠን ነው፤ አብዛኛው ጣጣም ከሦስቱ አያልፍም። ለመፈተሽ ሲገቡ ክሪክ ብቻውን አይበቃም። ካቫሌቶ (የተነሳውን መኪና ደግፎ የሚይዝ የብረት ማቆሚያ) ከሌለ መኪናው ስር አይግቡ፤ የተደራረበ ድንጋይም ካቫሌቶ አይሆንም።

ቀዩ የዘይት መብራት አልጠፋም

መብራቱ የሚናገረው ስለ ግፊት እንጂ ስለ መጠን አይደለም። አዲሱ ፊልትሮ ባዶ ስለሆነ እስኪሞላ ድረስ ጥቂት ሰከንድ ቢበራ ችግር የለውም። ወደ 10 ሰከንድ ከቆየ ግን ነዳጅ ሳይሰጡ ያጥፉና ሊቬሎውን (የዘይት መለኪያ ዘንጉን) ያውጡ። ደረቅ ሆኖ ከወጣ ወይ ፈስሷል ወይ ጭራሽ አልተሞላም። መሙላት መርሳት ያስቃል፤ በመሃል ስልክ ሲጠራ ግን የሚያጋጥም ነገር ነው። መጠኑ ልክ ከሆነና ከስርም የፈሰሰ ካልታየ የግፊት ሴንሰሩን ሽቦ ይዩ። በብዙ መኪኖች ፊልትሮው አካባቢ ስለሚገኝ፣ በሥራው መሃል ሽቦው ተልጦ ብረት ከነካ መብራቱ ያለ ምክንያት ይበራል። ሽቦውም ደህና ከሆነ መኪናውን አስጎትተው ይውሰዱ እንጂ አይንዱት። ያለ ግፊት የሄደ ሞተር ብሮንዚኑን (ዘንጉ የሚዞርበትን ስስ ብረት) በደቂቃዎች ውስጥ ይበላል።

ከስር ዘይት ይፈሳል

መጀመሪያ አካባቢውን በጨርቅ ጥርግ አድርገው ያድርቁና ካርቶን ያንጥፉ፤ ሞተሩን አስነስተው ከየት እንደሚመጣ ይዩ። ዘይት በንፋስና በስበት ስለሚሄድ የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚወጣበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኙም።

ሞተሩ እንደተነሳ ከፊልትሮው ዙሪያ የሚረጭ ከሆነ መንስኤውን ከሩቅ መገመት ይቻላል፤ ሁለት ጎሚኒ (የፊልትሮው የጎማ ቀለበት) ተደራርቧል። አሮጌው ፊልትሮ ሲፈታ ጎሚኒው ሞተሩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ጥቁር በጥቁር ላይ ስለሆነ በዓይን አይለይም፤ ጥፍር ሲያሳልፉበት ግን እንደ ቀለበት ከፍ ብሎ ይሰማል። አዲሱ በላዩ ሲገባ በእጅ የጠበቀ ይመስልና ግፊት ሲመጣ ይተፋል። ፈትተው አሮጌውን ይላጡ፣ ፊቱን ይጥረጉ፣ የአዲሱን ጎሚኒ በንጹህ ዘይት ቀብተው በእጅ ያስገቡ። ጎሚኒው ከነካ በኋላ ሦስት ሩብ ዙር በቂ ነው። በቁልፍ ማጥበቅ ጎሚኒውን ይጨፈልቃል፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚፈታውንም ሰው ያስረግማል።

ከታፖው ቀስ እያለ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ሮንዴላው (ከታፖው ራስ ስር ያለው ስስ ቀለበት) ነው። በየቅየራው የሚለወጥ ርካሽ ዕቃ ሆኖ ሳለ ሁሉም አሮጌውን ይመልሰዋል። ሮንዴላ ተለውጦም ካላቆመ፣ ወይም ታፖው ሲጠብቅ ዝም ብሎ የሚዞር ከሆነ ፊሌቱ (የቡሎኑ ጥርስ) ተበልቷል። ኃይል ቢጨምሩ ይብስበታል፤ በተለይ ኮፓው (ከሞተሩ ስር ዘይቱ የሚጠራቀምበት ዕቃ) አሉሚኒየም ከሆነ። አንድ ደረጃ ወፈር ያለ ታፖ ለጊዜው ያሻግራል፤ ዘላቂው ግን ቶርኖ ቤት ወስዶ አዲስ ፊሌት ማስወጣት ነው። ብዙዎቹ ትንንሽ ቶዮታዎች ታፖአቸው የሚጠብቀው ከ30 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ባለው ነው፤ አጭር ቁልፍ በአንድ እጅ ያደርሰዋል፣ ቁልፉን በቧንቧ ማስረዘም አያስፈልግም።

ይጨሳል፣ ጉልበት አጥቷል፣ ሊቬሎው ላይ አረፋ አለ

ከመጠን በላይ ተሞልቷል። ዘይት ገበያ ላይ በ4 ሊትር ጀሪካን ስለሚሸጥ «ለምን ይተርፋል» ተብሎ ሙሉው ይገለበጣል። ባለ ሦስት ሲሊንደሩ 1.0 ቪትዝ ግን ፊልትሮውን ጨምሮ የሚይዘው ከ3 ሊትር ብዙም አይዘልም። ትርፉ ሲበዛ የሚሽከረከረው ኮሎ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይሰጥም። መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ ካጠፉ በኋላ አምስት፣ አሥር ደቂቃ ጠብቀው ይለኩ። ትርፉን በሊቬሎው ቀዳዳ ቀጭን ጎማ አስገብቶ በትልቅ ሲሪንጅ መምጠጥ ታፖ ከመፍታት ይቀላል።

ሊቬሎው እጥፍ ያሳያል፣ መኪናውም ማርሽ አልይዝ ብሏል

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። የወረደው የሞተር ሳይሆን የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት ነው፤ አዲሱ ደግሞ ባልተራገፈ ሞተር ላይ ተጨመረ። አያስነሱት። ሁለቱን ታፖዎች የሚለየው የሚወጣው ዘይት ቀለም ነው፤ ከሞተር የሚወርደው ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡኒ ሲሆን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ብዙ ጊዜ ቀላ ይላል። ቀይ ካዩ ታፖውን መልሰው ይዝጉ፣ የካምቢዮውንም ትክክለኛ ዓይነት አስሞልተው ይንቀሳቀሱ።

ጠዋት ሲነሳ ይንኳኳል

«መኪናው አርጅቷል፣ ወፍራም ይሻለዋል» ተብሎ 20/50 የተባለውን ወፍራም ዘይት የሚሞላው ብዙ ነው። በአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ይህ ዘይት ወደ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ለመድረስ ይዘገያል። የቫልቭ ጊዜን በዘይት ግፊት የሚያስተካክሉ ሞተሮችም ጠባብ መተላለፊያ ስላላቸው ወፍራም ዘይት አይስማማቸውም። መመሪያው ቀጭኑን 5/30 ካለ እሱን ይሙሉ። ዘይት ለሚበላ ሞተር ፋሻውን (የፒስተን ቀለበቱን) ማሳየት እንጂ ዘይት ማወፈር መድኃኒት ሆኖ አላየሁም።

ኮፈን ስር የተቃጠለ ዘይት ይሸታል

ሲሞሉ ወይም ፊልትሮ ሲፈቱ የፈሰሰው ማርሚታው (የጭስ መውጫው) ላይ እየተቃጠለ ነው። ትንሽ ከሄዱ በኋላ ካልጠፋ ወደ ፊልትሮው ይመለሱ።

በሳምንቱ ዘይቱ ጠቆረ

ናፍጣ ከሆነ ይተዉት፤ ጥቀርሻውን እየሰበሰበ ነው፣ ሥራውም ያ ነው። ክዳኑ ስር ነጭ ወተት የመሰለ ካዩ ግን ሊቬሎውን ያውጡ። ክዳኑ ላይ ብቻ ከሆነ በክረምት አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና የሚሰበስበው እርጥበት ነው፤ ሊቬሎውም ላይ ካለ የራዲያተር ውሃ ገብቷልና የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ይመርመር።