ጥንታዊ ወርቅ ቅብ ኮንሶል ጠረጴዛ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

በፈረንሳይ በሉዊ 16ኛ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1774–1792) የተሠሩ ወርቅ ቅብ ኮንሶል ጠረጴዛዎች፣ ማለትም ግድግዳ ተጠግተው የሚቆሙ ጠረጴዛዎች፣ ደስ ይላሉ። እግራቸው እንደ ሮማ ዓምድ ቀጥ ያለና ቦይ ቦይ ያለው ነው። ከላይ እብነ በረድ ይቀመጥባቸዋል። ከእነዚህ አንዱ እጅዎ ከገባ መጀመሪያ የሚያምርዎት ማጽዳት ነው። ጉዳቱ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

እርጥብ ጨርቅ አያስነኩት። ባለሙያው የተቀረጸውን እንጨት ጠመኔና የቆዳ ሙጫ ደጋግሞ ቀብቶታል። በላዩ ቀይ ወይም ቢጫ የሸክላ አፈር አልብሶታል። ከዚያ አፈሩን በውሃ አርሶ ስሱን ወርቅ አሳርፎበታል፤ ሊደርቅ ሲል አጌት በሚባል ድንጋይ አሽቶ አንጸባርቆታል። ይህ ሁሉ ውሃ ሲነካው ይለቃል። በእርጥብ ጥጥ ሁለቴ ሦስቴ ቢያሹት ጥጡ ቀይ ይሆናል። ቆሻሻው የለቀቀ ይመስላል። የለቀቀው ግን ከወርቁ ሥር ያለው አፈር ነው፤ ወርቁማ ቀድሞ ሄዷል። አቧራውን በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ያራግፉ። የተላጠ ቦታ ካለ ብሩሹም ይቅር፣ ባለሙያ ይጥሩ።

ሁለተኛው ስህተት ከሁሉም ያሳዝነኛል። በቅጠል ቅርጹ ጫፍ ላይ ቀዩ ብቅ ሲል "አርጅቷል" ብሎ በቆርቆሮ የሚሸጥ ወርቅማ ቀለም መቀባት። ያ ቀለም ብዙውን ጊዜ የነሐስ ዱቄት ነው፤ ሲቆይ ይጠቁራል። እናስለቅቀው ሲባል ደግሞ የድሮውን ወርቅ ይዞት ሊሄድ ይችላል። ብቅ ያለው ቀይ የዕድሜው ምልክት ነውና ይተዉት።

እብነ በረዱን ከነጠረጴዛው ማንሳትም ትልቅ ስህተት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በክብደቱ ብቻ ነው የተቀመጠው። 1.2 ሜትር ርዝመት፣ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ወደ 48 ኪሎ ይመዝናል። መጀመሪያ ያውርዱት። ለሁለት ሆናችሁ እንደ መስታወት በጠርዙ አቁማችሁ ተሸከሙት፤ ተጋድሞ ከሄደ ከመሃል ሊሰበር ይችላል። ጠረጴዛውንም በተቀረጸው የአበባ ጉንጉን ሳይሆን በዋናው እንጨት ይያዙት።

ሁለት እግር ያለው ከሆነ ብቻውን አይቆምም። ግድግዳው ላይ በደንብ ሳይታሰር ድንጋዩን አይጫኑበት። ጀርባው ወርቅ የለውም ብለውም አይጠራጠሩት፤ ግድግዳ ስለሚሸፍነው ሻካራውን መተው የተለመደ ነበር።

ሎሚና ኮምጣጤ እብነ በረድን ይበሉታል። ጠብ ያለበት ቦታ ይደበዝዛል፣ ተወልውሎም አይመለስም። ማሞቂያ አጠገብም አያስቀምጡት። እንጨቱ ደርቆ ሲኮማተር ጠመኔው ይሰነጠቃል፣ ወርቁም አብሮት ይረግፋል።